አየር ማስገቢያ ወይስ አየር ማውጫ? የእንጉዳይ ቤት ፋን ምርጫና በኪስ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

እንጉዳይ ማምረት ጠባብ ቦታ፣ አነስተኛ መነሻ ካፒታልና አጭር ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው እየተባለ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ጥቂት የማይባል ሰው ጥሪቱን አውሎበታል። ምርቱ የጾም ምግብ መሆኑ፣ ሆቴሎችና ሱፐርማርኬቶች የሚፈልጉት መሆኑ፣ ጥሬ ዕቃውም ገለባ፣ የጥጥ ፍሬ ቅርፊትና ሰጋቱራ መሆኑ ሲታይ ስሌቱ ያጓጓል። ይሁን እንጂ በወረቀት ላይ አምሮ የሚታየውን ትርፍ ከሚበሉት ነገሮች አንዱ በንግድ ዕቅዱ ውስጥ ከአንድ መስመር በላይ ቦታ የማይሰጠው ነው። መስመሩ «ቬንትሌተር፣ ብዛት 1» ይላል። ምን ዓይነት? ወደ የት የሚነፍስ? በየትኛው ግድግዳ ላይ የሚገጠም? ሰነዱ መልስ የለውም።

ዕቃውን ለመግዛት መርካቶ ሲወረድ ጥያቄው ሳይጠሩት ይመጣል። ሻጩ «የማስገቢያ ነው የማውጫ?» ይላል፤ ገዢውም «የቱ ይሻላል?» ብሎ ጥያቄውን መልሶ ለሻጩ ይሰጠዋል። የሻጩ መልስ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ነው። ነገሩ ሲመረመር ግን ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ተራ ባለ ክንፍ ፋን ፊቱን ወደ ውስጥ ቢያዞሩት ማስገቢያ፣ ወደ ውጭ ቢያዞሩት ማውጫ ይሆናል። ስለሆነም ምርጫው የዕቃ ምርጫ ሳይሆን የክፍሉን ጠባይ የመምረጥ ጉዳይ ነው። ገንዘብ የሚድነውም የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው።

እንጉዳይም እንደ ሰው ይተነፍሳል

እንጉዳይ ተክል አይደለም። ተክል በብርሃን ጊዜ የተቃጠለ አየር፣ ማለትም ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ እንጉዳይ ግን እንደ ሰውና እንደ ከብት ኦክሲጅን ወስዶ የተቃጠለ አየር ያወጣል። በመቶ የሚቆጠሩ ከረጢቶች የተደረደሩበት ዝግ ክፍል ስብሰባ እንደሚካሄድበት አዳራሽ ነው፤ መስኮት ካልተከፈተ ይታፈናል። ከእንጉዳይ ጋር ባይያያዝም መለኪያው የቆየ ነው። ማክስ ፎን ፔተንኮፈር የተባለው የሙኒክ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1858 ሰው የሚኖርበት ክፍል አየር ከአንድ ሺህ እጅ አንድ እጅ በላይ የተቃጠለ አየር እንዳይኖረው መክሮ ነበር። ይኸውም ዛሬ በመለኪያ መሣሪያዎች ላይ ከሚሊዮን 1,000 እጅ ተብሎ የሚነበበው ነው። የውጭው አየር ዛሬ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ይይዛል።

በአገራችን በብዛት የሚመረተው የኦይስተር እንጉዳይም ፍሬ በሚያወጣበት ወቅት ከዚሁ ከ1,000 እጅ ብዙም እንዳያልፍበት ይፈልጋል። ሲያልፍ ምልክቱን ራሱ ያሳያል። አገዳው ይረዝማል፣ ባርኔጣው ያንሳል፣ ቅርጹ እንደ መለከት ይሆናል። ሚዛን ላይ ኪሎው ላይቀንስ ይችል ይሆናል፤ የሆቴል ገዢ ግን የሚፈልገው ሰፊና ሥጋ ያለውን ባርኔጣ እንጂ አገዳ አይደለም። ስለዚህ ምርቱ እያለ ዋጋው ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ዘሩ ተዘርቶ ነጩ ድር ከረጢቱን በሚያለብስበት የመጀመሪያ ደረጃ የተቃጠለ አየር ቢበዛ ብዙም አይጎዳውም። ችግሩ የሚጀምረው ፍሬ ሲጀምር ነው። ለሁለቱም ደረጃ አንድ ዓይነት ፋን የሚገዛ ሰው በአንዱ ክፍል ገንዘቡን በከንቱ ይጥላል ማለት ነው።

የሚገፋ ክፍልና የሚስብ ክፍል

ማስገቢያ ፋን ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። በክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው ጥቂት ከፍ ስለሚል የውስጡ አየር ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ማውጫ ፋን ደግሞ የውስጡን አየር ይስባል፤ ግፊቱ ስለሚቀንስ የውጭው አየር ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለቱም በኩል በሰዓት የሚለወጠው አየር መጠን እኩል ሊሆን ይችላል። የሚለየው «አየሩ በየት በኩል ገባ? በየት በኩል ወጣ?» የሚለው ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከሆስፒታል ነው። የቀዶ ሕክምና ክፍል አየር እንዲገፋ ሆኖ ይሠራል፤ ከኮሪደር የሚመጣ ጀርም ወደ ተከፈተ ቁስል እንዳይደርስ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚለዩበት ክፍል ግን እንዲስብ ሆኖ ይሠራል፤ ከውስጥ ያለው ወደ ኮሪደር እንዳይወጣ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚጠበቀው ከውስጥ ያለው ነው ወይስ ከውጭ ያለው?

በእንጉዳይ ቤት የሚጠበቀው በመጀመሪያ ደረጃ የውስጡ ነው። የዚህ ሥራ ትልልቅ ጠላቶች አረንጓዴ ሻጋታ (ትራይኮደርማ) እና በገለባው ውስጥ እንቁላል የሚጥሉ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች ናቸው። የሻጋታው ብናኝ በአየር ይጓዛል፤ ዝንቦቹ ደግሞ በእንጉዳዩ ሽታ ይሳባሉ። የሚስብ ክፍል በበር ሥር፣ በቆርቆሮው መጋጠሚያ፣ በመብራት ሽቦው ቀዳዳ ሳይቀር አየር ይጠጣል። ከጎን የዶሮ ቤት ወይም ያገለገለ ከረጢት የሚጣልበት ክምር ካለ የዚያን አየር ነው የሚጠጣው። በማስገቢያ ፋን የሚሠራ ክፍል ግን አየር የሚያገኘው በአንድ በር ብቻ ነው፤ በዚያ በር ላይ ማጣሪያ ማድረግ ይቻላል። አንድን በር መጠበቅ ሃምሳ ስንጥቅ ከመድፈን ይረክሳል።

ዘር የሚዘራበት ክፍልማ አከራካሪ አይደለም። እዚያ ማውጫ ፋን መግጠም ሻጋታን ጠርቶ ማስገባት ነው።

ሻማ እፍ ተብሎ ይጠፋል

በሻጭና በገዢ ዘንድ ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሁለተኛ ልዩነት አለ። ሻማ ከክንድ ርቀት እፍ ብሎ ማጥፋት ይቻላል። በዚያው ርቀት ሆኖ አየር ወደ ውስጥ በመሳብ ሻማውን ማጥፋት ግን አይቻልም። የሚነፍስ አየር አቅጣጫ ይዞ ይሄዳል፤ የሚሳብ አየር ግን ከየአቅጣጫው ተሰብስቦ ስለሚመጣ ከፋኑ አፍ ጥቂት ራቅ ሲሉ ጉልበቱ ያልቃል። የአየር ማናፈሻ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ግምት የተነፈሰ አየር ፍጥነቱ ወደ አንድ አሥረኛ የሚወርደው ከአፉ ስፋት 30 እጥፍ ያህል ርቆ ሲሆን፣ የሚሳብ አየር ግን የአፉን አንድ እጥፍ ያህል ርቆ ነው።

ይህ በገንዘብ ሲተረጎም ምን ማለት ነው? ማስገቢያ ፋን አየሩን በረጅም ላስቲክ ቱቦ ይዞ፣ ቱቦው ላይ በየርቀቱ ቀዳዳ ተበስቶለት፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል በእኩልነት ሊያከፋፍል ይችላል። ቱቦው ርካሽ ነው፤ ከተራ ላስቲክ ይሠራል። ማውጫ ፋን ግን የክፍሉን ጥግ አያዝም። በሚስብ ክፍል ውስጥ አየሩ የት እንደሚደርስ የሚወስነው ፋኑ ሳይሆን አየር የሚገባበት ቀዳዳ ስፋትና ቦታ ነው። ማስገቢያ ቀዳዳው ከፋኑ አጠገብ ከተበሳ አየሩ ገብቶ ወዲያው ይወጣል፤ ፋኑ ቀንና ሌሊት እየዞረ፣ ቆጣሪውም እየቆጠረ፣ የኋላው መደርደሪያ ታፍኖ ይውላል። ባለሀብቱ ይህንን ሲያይ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ሁለተኛ ማውጫ ፋን መግዛት ነው። መፍትሔው ግን ያለ ምንም ግዢ ቀዳዳውን ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ማዛወር ነበር።

ከዚሁ ጋር «የተቃጠለ አየር ከባድ ስለሆነ ወለል ላይ ይተኛል፣ ፋኑ ከሥር ይገጠም» የሚል ምክር ይሰማል። ጋዙ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል መክበዱ እውነት ነው። ሆኖም አየር በሚንቀሳቀስበት ክፍል ውስጥ ይደባለቃል እንጂ እንደ ውሃ ተለይቶ አይቀመጥም። መለኪያውን በከረጢቶቹ ቁመት ላይ መስቀል ፋኑን ወለል ላይ ከመግጠም የበለጠ ይጠቅማል።

ከባሕር ማዶ የመጣ ምክር

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ አብዛኛው የሚነበበው ምክር «ማውጫ ይቅደም» የሚለው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ምክሩ የተጻፈው ለሌላ ሰብል ስለሆነ ነው። በአሜሪካ በቤት ውስጥ በመብራት ተክል የማብቀል ሥራ እየሰፋ መጥቷል፤ በተለይም የኮሎራዶና የዋሽንግተን ግዛቶች ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2012 ካናቢስ እንዲፈቀድ ድምፅ ከሰጠ በኋላ ለዚህ ሥራ የሚሸጠው ፋን፣ ቱቦና ማጣሪያ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል። እዚያ ትልቁ ችግር ከመብራቶቹ የሚወጣው ሙቀትና ጎረቤት የሚያውከው ሽታ ነው። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ ከላይ ይሳባል፤ ሽታውም ከሰል ባለው ማጣሪያ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ክፍሉ ሽታ እንዳያፈስ ደግሞ መሳብ አለበት። ለዚያ ሥራ ትክክል ነው።

እንጉዳይ ግን የሚያቃጥል መብራት የለውም፣ ጎረቤት የሚከስስበት ሽታም የለውም፤ የተቃጠለውን አየር በተመለከተ ደግሞ ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው። የውጭ ዘመድ በሻንጣ የላከው ፋንና ከፋኑ ጋር የላከው ምክር ለየብቻ መመርመር ያለባቸው ለዚህ ነው።

ስሌቱ

ለምሳሌ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል ይወሰድ። ይዘቱ 50 ሜትር ኩብ ነው። እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ የሚመዝኑ 400 እርጥብ ከረጢቶች ይይዛል እንበል። ፍሬ በሚወጣበት ወቅት አየሩ በሰዓት 6 ጊዜ እንዲለወጥ ቢታሰብ 300 ሜትር ኩብ በሰዓት ያስፈልጋል። በመለያው ላይ ልኩ በሲ.ኤፍ.ኤም. የተጻፈ ከሆነ ቁጥሩን በ1.7 ማባዛት ነው፤ 300 ሜትር ኩብ በሰዓት ወደ 176 ሲ.ኤፍ.ኤም. ይሆናል። «6 ጊዜ» የሚለው ልማድ ክፍሉ ሙሉ ሲሆን ብቻ እንደሚሠራ መዘንጋት የለበትም። የሚተነፍሰው ገለባው እንጂ ግድግዳው አይደለም፤ ግማሽ የሞላ ክፍል ግማሽ አየር ይበቃዋል።

በዚህ ምሳሌ የአየሩ መጠን የተቃጠለውን አየር ከውጭው በ600 እጅ ያህል ብልጫ ላይ፣ ማለትም ከሚሊዮን 1,000 እጅ አካባቢ ያቆየዋል እንበል። በዚሁ ሒሳብ ፋኑ ቆሞ ክፍሉ ከተዘጋ የተቃጠለው አየር በአንድ ሰዓት በ3,600 እጅ ይጨምራል። ሩብ ሰዓት ቢቆም እንኳ በ900 እጅ ያድጋል። ስለዚህ «ታይመር አድርጎ በሰዓት ሩብ ሰዓት ብቻ ማሠራት» የሚለው የቁጠባ ዘዴ ክፍሉ ሙሉ ምርት ላይ በሆነበት ሳምንት አያዋጣም። ከምርት በፊትና በሁለት ምርቶች መካከል ግን በደንብ ያዋጣል።

ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ፋን መግዛትስ? ብዙ ሰው «ትልቅ ይሻላል» ይላል። እዚህ ላይ የሚረሳው ውሃው ነው። የኦይስተር እንጉዳይ ከ85 እስከ 95 በመቶ እርጥበት ይፈልጋል። በበጋ ወራት እኩለ ቀን ላይ 20 ዲግሪ ሙቀትና 35 በመቶ እርጥበት ያለው የውጭ አየር በአንድ ሜትር ኩብ 6 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። በዚያው ሙቀት 90 በመቶ ለማድረስ 15 ግራም ተኩል ገደማ ያስፈልጋል። ልዩነቱ 9 ግራም ተኩል ነው። በሰዓት 300 ሜትር ኩብ ሲባዛ 2.8 ሊትር ያህል፣ በ24 ሰዓት ደግሞ ወደ 68 ሊትር ውሃ በአየሩ ውስጥ መትነን አለበት። ፋኑ እጥፍ ከሆነ ውሃውም እጥፍ ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይወስዳል። 2.8 ሊትር በሰዓት ማትነን ከ1,900 ዋት ምድጃ ጋር የሚተካከል ሙቀት ይበላል። ክፍሉ ካልተሞቀ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ውጭው ራሱ ብርድ ነው። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር በትልቅ ፋን መኩራራት በሮቶና በቦቴ ሒሳብ ይከፈላል። በክረምት የውጭው አየር እርጥብ ስለሆነ ወጪው ይቀንሳል፤ ሻጋታው ግን ይበረታል።

አሁን ሁለቱ ይወዳደሩ። አንደኛው 30 ዋት የሚወስድ ተራ ባለ ክንፍ ማውጫ ፋን ነው፤ ከፊት ለፊቱ ወንፊት የተወጠረበት ሰፊ ቀዳዳ አለው። ሁለተኛው 100 ዋት የሚወስድ፣ በቱቦ ውስጥ የሚገጠም ሴንትሪፉጋል ማስገቢያ ፋን ሲሆን ከፊቱ ማጣሪያ አለው። ቀንና ሌሊት ቢሠሩ የመጀመሪያው በወር 21.6 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለተኛው 72 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ልዩነቱ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት፣ ሁለት ወር በሚወስድ አንድ የምርት ዙር 100 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለመጣ ሒሳቡን ከወሩ ቢል ላይ መሥራት ይሻላል።

በሌላው የሚዛን ጎን ምርቱ ይቀመጥ። በ400ው ከረጢት ውስጥ ያለው ደረቅ ጥሬ ዕቃ 280 ኪሎ ቢሆን፣ ምርቱም የደረቁ ጥሬ ዕቃ 60 በመቶ ቢሆን 168 ኪሎ እንጉዳይ ይገኛል። በሻጋታና በዝንብ ምክንያት ከአሥር ከረጢት አንዱ ቢወድቅ ወደ 17 ኪሎ ጠፋ ማለት ነው። ጥያቄው እንግዲህ የ100 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበልጣል ወይስ የ17 ኪሎ እንጉዳይ ዋጋ? የሁለቱን ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ እርሳስ ሳያነሳ ይመልሰዋል። በርግጥ በሁለተኛው ላይ የማጣሪያው መለወጫና የፋኑ የግዢ ዋጋ ይጨመራል። ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ የብር ዋጋው የቀድሞው እንዳልሆነ ገዢ ሁሉ ያውቃል። ቢሆንም ፋኑ ብዙ ዙር ያገለግላል፤ የወደቀው ከረጢት ግን በየዙሩ ይወድቃል።

የአዲስ አበባ አየር ቀጭን ነው

በፋብሪካ መለያ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው በባሕር ወለል ባለ አየር፣ ብዙ ጊዜም ያለ ምንም እንቅፋት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር እዚያ 1.2 ኪሎ ሲመዝን እዚህ 0.9 ኪሎ ይመዝናል። ፋን የሚያንቀሳቅሰው የአየር ይዘት በከፍታ አይለወጥም፤ የሚፈጥረው ግፊት ግን ከአየሩ ክብደት ጋር አብሮ ይወርዳል።

ቱቦና መታጠፊያ ብቻ ቢሆን ችግር የለም፤ ቀጭን አየር በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው እንቅፋትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ደቃቅ ማጣሪያ ግን እንዲህ አይደለም። በማጣሪያው ቀጫጭን ክሮች መካከል የሚያልፍ አየር የሚገጥመው እንቅፋት ከክብደቱ ሳይሆን ከመጣበቅ ጠባዩ የሚመጣ በመሆኑ ከፍታ አይቀንሰውም። ስለዚህ ማጣሪያ ያለው ማስገቢያ ፋን አዲስ አበባ ላይ ከመለያው ያነሰ ያነፍሳል። ደቃቅ ማጣሪያ አዲስ ሆኖ እንኳ 50፣ 100 ፓስካልና ከዚያም በላይ ይጠይቃል፤ ሲቆሽሽ ደግሞ ይብሳል። አሥር ፓስካል ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ የሚያነሳ ግፊት ነው። ተራው ባለ ክንፍ ፋን አቅሙ ጥቂት አሥር ፓስካል ስለሆነ ደቃቅ ማጣሪያ ሲደረግበት ክንፉ ይዞራል፣ ድምፅ ያሰማል፣ አየሩ ግን አያልፍም። ማስገቢያ ከማጣሪያ ጋር የሚፈልግ ሰው ሴንትሪፉጋሉን ከነወጪው መቀበል አለበት። መካከለኛ መንገዱ የማጣሪያውን ስፋት ማብዛት ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን እንቅፋቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ማውጫ ፋን ላይ ደግሞ ነፋስ አለ። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚህ ከፍታ ግድግዳ ላይ 11 ፓስካል ያህል፣ 8 ሜትር ሲሆን 29 ፓስካል ያህል ይጫናል። ርካሹን ፋን ፊት ለፊት ሲመጣበት ያቆመዋል። ማውጫ ነፋስ ከማይመጣበት ጎን ሊሆን ይገባል።

በነገራችን ላይ የተቃጠለ አየር መለኪያ የሚገዛ ሰው ከፍታ የሚሞላበት ቦታ ያለውን ቢመርጥ ይበጃል። ከፍታው ካልተነገረው እዚህ ከተማ 1,000 የሆነውን 750 ብሎ ሊያሳይ ይችላል።

ማውጫ የሚያሸንፍበት ቦታ

ከላይ የተባለው ሁሉ ማውጫ ፋን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የኦይስተር እንጉዳይ ሲደርስ እንደ ዱቄት የደቀቀ ብናኝ በብዛት ይለቃል። ይህ ብናኝ ለረጅም ጊዜ በሚተነፍሱት ሠራተኞች ላይ ሳል፣ ትኩሳትና የሳንባ መቆጣት እንደሚያስከትል በሕክምና የታወቀ ነው። ክፍሉ ከመኖሪያ ቤት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ከሆነ፣ ወይም በበር ከመኝታ ክፍል የሚገናኝ ከሆነ፣ የሚገፋ ክፍል ብናኙንና እርጥበቱን ወደ ቤተሰቡ ይገፋል። የጭቃ ግድግዳና የችፑድ ኮርኒስ ደግሞ እርጥበቱን ይጠጣሉ፤ አከራዩ ሲያይ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። እንዲህ ባለ ቤት ማውጫው ይመረጣል፤ ስንጥቆቹ ተደፍነው፣ ማስገቢያ ቀዳዳው በደቃቅ ወንፊት ተሸፍኖ። በተለየ ግቢ፣ ለብቻው በቆመ ቤት ግን ማስገቢያው ይሻላል። በሁለቱም ላይ ሠራተኛው ምርት ሲሰበስብ አፍና አፍንጫውን መሸፈኑ አይቀርም፤ ባርኔጣው ከመገልበጡ በፊት መልቀምም ብናኙን ይቀንሳል።

ማውጫ ሲመረጥ ሞተሩ እርጥብና ብናኝ የሞላው አየር ውስጥ እንደሚኖር መታሰብ አለበት። ብናኙ ክንፉ ላይ ይጋገራል፣ ሚዛኑን ያዛባል፣ ኩሽኔታውን ይበላል። የማስገቢያው ሞተር ግን ንጹሕና ደረቅ አየር ውስጥ ስለሚቀመጥ ዕድሜው ይረዝማል። ርካሽ የተባለው ማውጫ በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞተር ጥቅለላ ከሄደ ርካሽነቱ ያበቃል።

ሁለቱንም አንድ ላይ መግዛትስ? ለ50 ሜትር ኩብ ክፍል ትርፍ ወጪ ነው። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ፋኖች ሲገጠሙ ክፍሉ የሚገፋም የሚስብም አይሆንም፤ የቀኑ ነፋስ እንደነፈሰ ይሆናል። የግድ ሁለቱም ከተፈለጉ አንዱ በግልጽ መብለጥ አለበት። የሚያስፈልገው ሁለት ፋን ሳይሆን ሁለት ቀዳዳ ነው፤ አንዱ ፋን ያለበት፣ ሌላው የሌለበት። ይህ ቀላል ነገር ይረሳል። ፋኑ ተገዝቶ፣ አንድ ቀዳዳ ተበስቶ፣ በሩ ተዘግቶ «ፋኑ አይሠራም» ይባላል። ለ300 ሜትር ኩብ በሰዓት ሁለተኛው ቀዳዳ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ ወንፊት ከተወጠረበት ደግሞ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሁን።

ሱቅ ውስጥ

ከመለያው ላይ መነበብ ያለበት ቮልቱና ሄርዙ ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ፋን ለ120 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ሄርዙን ግን አይነካውም። ተራ ሞተር ያለው የአሜሪካ ፋን እዚህ የሚዞረው በአምስት ስድስተኛው ፍጥነት ነው፤ አየሩ ወደ 83 በመቶ፣ ግፊቱ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል፣ ሞተሩም ከልኩ በላይ ይሞቃል። የከተማዋ ቀጭን አየር ሲጨመርበት ማጣሪያ የሚገፋ ጉልበት አይተርፈውም። ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ የሚል የተጻፈበት ባለ ኤሌክትሮኒክስ ሞተር ግን ይህ ችግር የለበትም፤ ፍጥነቱንም መቀነስ ይቻላል። ፍጥነቱ በ80 በመቶ ሲሠራ የሚበላው ጉልበት ወደ ግማሽ ስለሚወርድ ትንሽ ተለቅ ያለውን ገዝቶ ቀስ አድርጎ ማሠራት አንዳንዴ ከትንሹ ይረክሳል።

ምናለሽ ተራ የሚገኘው ያገለገለ ፋን ሲገዛ ክንፉን በእጅ ገፍቶ ማዞር፣ ወደ ጎን መነቅነቅ፣ ከዚያም ለሩብ ሰዓት አሠርቶ ሞተሩን መዳሰስ ነው። ኩሽኔታው የሚንኳኳ ከሆነ ይቀየራል፤ ጥቅሉ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ይተው።

መብራት ሲጠፋ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ በፋኑ አፍ ላይ በራሱ ክብደት የሚዘጋ ክዳን ይደረጋል። ረጅም ከሆነ ደግሞ በሩ ገርበብ ይላል፤ ወንፊት ያለው ሁለተኛ በር የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ለጄኔሬተር ሲታሰብም 100 ዋት ሲሠራ ነው፤ ሲነሳ የብዙ እጥፍ ይስባልና ልኩ በዚያ ይያዝ።